የባህል ማዕከል የትምህርት ታሪክ ክፍልን ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የከተማችሁን ወይም የኮሚዩኒቲያችሁን የባህል ማዕከል የትምህርት ታሪክ ክፍል ለማደስ ለተነሳችሁ፣ ኮሚቴዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እነሆ።

ማደስ ማለት ግድግዳ መቀባትና መስታወት መቀየር አይደለም እንዴ?

ያ የመጨረሻው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከእሱ ነው። ክፍሉ ይቀባል፣ ኮርኒሱ ይሠራል፣ አምፖሉ ይደምቃል። ዕቃዎቹ ግን እዚያው ድሮ ቦታቸው ይመለሳሉ። ከሥራቸው ያችው «ጥንታዊ የፊደል ገበታ» የምትል ወረቀት ትለጠፋለች።

በአንድ ማዕከል ያየሁትን ገበታ ልንገራችሁ። የታተመ ፊደል እንጨት ላይ የተለጠፈበት ነው። ከላይ ያለው የ«ሀ ሁ ሂ» መስመር ተፈግፍጎ ሊጠፋ ደርሷል። ወደ ታች ስትወርዱ ፊደሉ እየጠራ ይሄዳል። «ፐ» ጋ ስትደርሱ ትናንት የታተመ ይመስላል። ሁሉም ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ ከሀ ጀምሯል፤ ፐ የደረሰው ግን ጥቂቱ ነው። አንዱ ከብት ጠብቅ ተብሏል፣ ሌላዋ ለትዳር ተሰጥታለች። ይህን ለጎብኚው የሚያሳይ ሰው ወይም ጽሑፍ ካለ ክፍሉ ታድሷል። ከሌለ ተቀብቷል እንጂ አልታደሰም።

እሺ፣ ከምን እንጀምር?

ከቆጠራ። ሁለት ሰው፣ አንድ መዝገብና አንድ ስልክ ይበቃል። እያንዳንዱን ዕቃ ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሱት፣ ለኩት፣ ቁጥር ስጡት። የተሰነጠቀውንና የተበላውን ጻፉ። ማን እንዳመጣው ጠይቁ። ቁጥሩን ግን በማርከር ዕቃው ላይ እንዳትጽፉ። በጥጥ ክር የታሰረ ትንሽ ካርቶን ይሻላል። ወረቀት ከሆነ ከጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ።

ጎን ለጎን አረጋውያኑን ቅረጹ። ይህን ለነገ አትበሉት። ግድግዳው ከርሞም ይቀባል፤ የ85 ዓመቱ የኔታ ግን ከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ። ጸጥ ያለ ክፍል ምረጡ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ዕቃውን እጃቸው ላይ አኑሩላቸው። «ስለ ትምህርት ታሪክ ይንገሩን» ካላችኋቸው ንግግር ያደርጋሉ። «ቀለሙን ከምን ይሠሩት ነበር? ሌሊት የት ያድሩ ነበር? ሲያጠፉ በምን ይመቱ ነበር?» ካላችኋቸው ግን ያስታውሳሉ። አንድ አባት አሮጌ አኩፋዳ፣ የቆሎ ተማሪ ምግብ የሚይዝበትን ዕቃ፣ ሰጠኋቸውና ዝም ብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ።

በጀታችን ትንሽ ነው። ገንዘቡን ምን ላይ እናውለው?

መጀመሪያ ጣሪያው። ክረምት የሚያፈስ ክፍል ውስጥ የገባን ብር ውሃ ይበላዋል። ቀጥሎ መጋረጃ፣ ቀጥሎ አምፖል፣ ቀጥሎ የሚቆለፍ የመስታወት ሳጥን፣ ከዚያ የጽሑፍ ኅትመት። ስክሪን መጨረሻ ላይ ነው፤ ባይኖርም ምንም አይጎዳ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎ፣ ጨርቅ ለብሶ የቆመ ውድ ስክሪን ከአንድም ሁለት ቦታ አይቻለሁ። በዚያ ገንዘብ ስንት መጋረጃ ይገዛ ነበር።

ትንሽ ሆናችሁ መጀመራችሁ አያሳስባችሁ። በሐረር የሚታወቀው የሸሪፍ ሙዚየም የተጀመረው በአንድ ሰው መኖሪያ ቤት ነው። አብደላ ሸሪፍ ከየቤቱ የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ ልብስ፣ ሳንቲምና የድምፅ ቅጂ ነው ያን ሁሉ ያስገኘው።

ዕቃዎቹን በዘመን ቅደም ተከተል እንደርድራቸው?

ዘመኑ ግድግዳ ላይ በአንድ መስመር ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ክፍሉን በሙሉ በዘመን ካደረጋችሁት ግን ጎብኚው ከነገሥታት ስም ጋር ብቻ ይወጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያለውን የብሔረሰብ ሙዚየም አይታችሁት ከሆነ፣ ዕቃው የተደረደረው በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ይጀምርና እስከ ሞት ይሄዳል። ሰው የራሱን ሕይወት እያየ ስለሚሄድ አይሰለቸውም።

ለትምህርት ታሪክም ተማሪውን ተከተሉ። መጀመሪያ ገበታው። ቀጥሎ ከቤት መውጣት፦ የቆሎ ተማሪው ደበሎ፣ አኩፋዳና የውሻ መከላከያ ዱላ። ቀጥሎ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ፣ ፈተና፣ የመጀመሪያው ዩኒፎርም፣ ዘመቻ። እኔ ይህን አደራረግ እመርጣለሁ፤ የ10 ዓመት ልጅም የ70 ዓመት አዛውንትም የሚቆሙበት ቦታ ያገኛሉ።

ከሰዎች ዕቃ ስንቀበል ምን እንጠንቀቅ?

ስጦታ ነው ወይስ ውሰት? ይህን በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ጨርሱት። ብዙ ጠብ የሚነሳው ሰጪው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ሲመጡ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የዕቃው መልክና ቁጥር፣ የሰጪው ስም፣ ስጦታ ወይም ውሰት፣ ውሰት ከሆነ እስከ መቼ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። አንዱን ቅጂ ቤተሰቡ ይያዝ።

ሁሉን ነገር እሺ ብላችሁ አትቀበሉ። ስድስት ተመሳሳይ የጽሕፈት መኪና ማስቀመጫ ያጨናንቃል እንጂ ታሪክ አይጨምርም። በጨዋ ደንብ «አንድ አለን፣ እግዜር ይስጥልን» ማለት ነውር የለውም። ፎቶውን ግን አንሱ፣ ታሪኩን ጻፉ።

ብራና፣ የድሮ ደብተርና ፎቶ እንዴት ይቀመጥ?

ብርሃን ነው ዋናው ጠላት። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት አይመለስም። ለብራና፣ ለወረቀት፣ ለጨርቅና ለፎቶ ዓለም የሚከተለው ልክ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ቢሮ ውስጥ የለመዳችሁት ብርሃን ከ300 እስከ 500 ይደርሳል፤ ስለዚህ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ መሆን አለበት። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይገባ አድርጉ። የድሮውን ዘንግ ፍሎረሰንት አውጡና ኤልኢዲ አስገቡ። መስታወቱ ላይ ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ጎብኚው ራሱ ገልጦ እንዲያይ ማድረግም ይቻላል። ርካሽ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። በየሦስትና አራት ወሩ ገጹን ወይም ዕቃውን ቀያይሩ።

ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይፈረፈራል። ሳጥኑን ክረምት ከሚያልበው የውጭ ግድግዳ አርቁት። መጽሐፉን 180 ዲግሪ ዘርግታችሁ አታስተኙት፤ በሁለት ጎን ድጋፍ አድርጉለት።

ደግሞ እባካችሁ ላሚኔት አታድርጉ። የአንድ መምህር የ1940ዎቹ የምስክር ወረቀት ላሚኔት ሆኖ ደርሶኝ ያውቃል። ሙቀቱ ቀለሙን አዛብቶት፣ ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። መላ አልነበረውም። ስኮችም ያው ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ቢጫ ቅባት ይተዋል። ለሠርቶ ማሳያ ጥሩ ቅጂ አትሙና ዋናውን ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ።

ብልና ነቀዝ ገብቷል። ምን እንርጭ?

ምንም። ቤት ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት፣ ናፍታሊንና ነጭ ጋዝ ዕቃውንም ሰውንም ይጎዳል። እንጨቱን በጋዝ መወልወል የድሮ ልማድ ነው፤ እሳትም እድፍም ይጋብዛል።

ጋቢ፣ ደበሎ፣ የጨርቅ ቦርሳ ወይም ተራ የታተመ መጽሐፍ ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አውጥታችሁ፣ በደንብ አሽጋችሁ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ የቤት ፍሪዘር ይሆናል። ስታወጡት ፕላስቲኩን ሳትፈቱ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፤ ያለበለዚያ ጠል ይይዘዋል። ሥዕል ባለበት ብራናና ቀለም በተቀባ እንጨት ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ባለሙያ ጥሩ። ምስጥ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሕንፃው ውስጥ ነው። ዕቃዎቹን አውጡና መጀመሪያ ወለሉንና በሩን ለባለሙያ አሳዩ።

የመግለጫ ጽሑፉ ምን ያህል ይርዘም?

ሰው ቆሞ ነው የሚያነበው። ለአንድ ዕቃ ከ30 ቃል አትለፉ፣ ለትልቁ ሰሌዳ ከ70። «ይህ ቅርስ የማንነታችን መገለጫ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ላይ አውጡ። ከእሷ ይልቅ «ይህን መቃ ብዕር የቀረጹት መሪጌታ በአንድ ቀን አራት ገጽ ይጽፉበት ነበር» የሚል ይሻላል፤ ያው ከነገሯችሁ ሰው ሰምታችሁ ከሆነ ነው።

የግዕዝ ፊደል ጥቅጥቅ ያለ ነው። በትንሹ ሲታተም «ሰ» እና «ስ»፣ «ቀ» እና «ቅ» ይመሳሰላሉ። በፊደል መጠን ከ24 ነጥብ በታች አትውረዱ፣ በመስመር መሃል ቦታ ስጡ። ዐይን የሚያርፍበት ቁመት ከወለል 1.4 ሜትር ገደማ ይሁን። የልጆቹ ከዚያ ዝቅ ይበል። በአካባቢው የሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ እኩል መጠን ባለው ፊደል ይጻፉ። አንዱን አግዝፎ ሌላውን ከሥር ማስጠጋት ሳይናገር ይናገራል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጻፍ ወይስ በፈረንጅ?

በኢትዮጵያ ጻፉ፣ ለውጭ ጎብኚ በሚጻፈው ላይ ደግሞ የእነሱን። ዋናው ነገር «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ከቁጥሩ እንዳይለይ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በፈረንጅ 1908 ተከፈተ። ከእንግሊዝኛ ገልብጦ «በ1908 ዓ.ም.» ብሎ የለጠፈ ክፍል አይቻለሁ። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው። ካረፉ ሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ከፈቱ ማለት ሆነ!

ሁልጊዜ 8 መቀነስም ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ፣ ማለትም የፈረንጅ ዓመት እስኪቀየር፣ ልዩነቱ 7 ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ ልዩነቱ 8 ይሆናል። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1925 እ.ኤ.አ. ስለተመረቀ 1917 ዓ.ም. ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግን የተመረቀው በታኅሣሥ 1961 እ.ኤ.አ. ነውና 1954 ዓ.ም. ይሆናል። ወሩን ካላወቃችሁ ዓመቱን አትቀይሩ።

ልጆች ዕቃውን ይንኩ?

ዋናውን አይንኩ፣ ቅጂውን ግን ይጫወቱበት። አናጺ የገበታና የሎህ (የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ) ቅጂ በቀላሉ ይሠራል። ከብራና ፋቂ አንድ ቁራጭ አዲስ የፍየል ብራና ግዙና በወረቀት አጠገብ አንጠልጥሉት፤ እየነኩ ያነጻጽሩ። መቃ ቀርጸው በጥላሸት ቀለም ስማቸውን ይጻፉበት። ልብሳቸው ይቆሽሻል፣ ወላጅም ያጉረመርማል፤ ልጁ ግን አይረሳውም።

የማን የትምህርት ታሪክ ነው የሚታየው? ሁልጊዜ የቤተ ክህነቱ ብቻ ነው ይሉናል።

የሚሉት እውነት የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። የንባብ፣ የዜማ፣ የቅኔና የመጽሐፍ ቤት ትምህርት ትልቅ ታሪክ ነው፤ የቅኔውን ዋሸራና የዜማውን ቤተልሔም ሳያነሱ የኢትዮጵያን ትምህርት ማውራት አይቻልም። ግን በዚያው ዘመን በሐረርና በወሎ ልጆች በሎህ ላይ በቀለም ጽፈው፣ ቃላቸውን በቃል ይዘው፣ አጥበው እንደገና ይጽፉ ነበር። የወሎ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ዳና ወይም ጌታ ወደሚባሉት የትምህርት ቦታዎች ሄዶ ለመማር ከአገሩ ወጥቶ በሰው እጅ ያድር ነበር፤ ልክ እንደ ቆሎ ተማሪው። ገበታውንና ሎሁን በአንድ መስታወት ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲታዩ የሚሰጡት ትምህርት በየጥጋቸው ተለያይተው ሲቀመጡ አይገኝም።

ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ወለጋ ተመልሰው በአፋን ኦሮሞ ማስተማራቸው፣ ሼክ በክሪ ሳጳሎ ለኦሮምኛ የራሳቸውን ፊደል መፍጠራቸው፣ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መምራታቸው ከዚህ ታሪክ አይወጣም። ሴቶች ደግሞ በፎቶ ዳር ብቻ እንዳይቀሩ። የከተማችሁን የመጀመሪያዋን ሴት አስተማሪ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በሕይወት አሉ፣ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

የሚያምመውን ዘመን ምን እናድርገው? ዝም እንበል?

ዝም አትበሉ። ጣሊያን በገባበት ዘመን ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የተማሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገድለዋል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ መምህርና ጸሐፊ ለምን እንደጠፋ ይህን ሳይናገሩ ማስረዳት አይቻልም።

የደርግ ዘመን የበለጠ ይከብዳል፣ የሚያስታውሰው ሰው ከፊታችሁ ቆሟልና። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ ላይ በ15 ቋንቋ ተሰጥቷል፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ያኔ ፊደል የቆጠሩ እናት ምስክር ወረቀታቸውን ሲያሳዩ ኩራታቸው እውነት ነው። በዚያው መንግሥት ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በቀይ ሽብር ተማሪዎችና መምህራን ማለቃቸውም እውነት ነው። አንዱን ለሌላው ብላችሁ አትደብቁ። የሟች ፎቶ ከመስቀላችሁ በፊት ግን ቤተሰቡን ጠይቁ፤ እናት ሳትዘጋጅ ከልጇ ፎቶ ጋር አትገናኝ። ማስታወሻው መቀመጫ ያለበት፣ ጸጥ ያለ ጥግ ላይ ይሁን።

ፈቃድ ያስፈልገናል? ንዋየ ቅድሳትስ ቢገኝ?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ ጥገናም ከመደረጉ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕንፃው ራሱ አሮጌ ከሆነ እሱም ቅርስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ።

ታቦት ለማየት አይቀርብም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ብራና ሲመጣላችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ በግዕዝ አዋቂ አስነብቡ። ብዙ ጊዜ የየትኛው ደብር እንደሆነ ተጽፎበታል። «ዘሰረቆ» ብሎ የሰረቀውን የሚያወግዝ ቃልም ታገኛላችሁ። ደብሩ ከታወቀ መጽሐፉ ወደዚያ ይመለስ፤ ለእናንተ ፎቶውና ታሪኩ ይበቃል። ቁርኣን ሲሆንም በምን ከፍታ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚይዘው የመስጊዱን ኢማም ጠይቁ።

እኛ ውጭ አገር ነን። ከአገር ቤት ዕቃ ማምጣት እንችላለን?

አሮጌ ብራናና መስቀል አይሆንም። ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ ለእናንተ በጎ ዓላማ ተብሎ ሕጉ አይለወጥም። አዲስ የተሠራ ቅጂም ቢሆን አሮጌ የሚመስል ከሆነ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ሳትይዙ ቦሌ አትድረሱ።

ደግሞስ የእናንተ ታሪክ እዚያው አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ኮሚዩኒቲ የመጀመሪያውን የቅዳሜ አማርኛ ክፍል ደብተር፣ ከአገር ቤት በካሴት የተላከ የእናት ድምፅ፣ አባት በታክሲ ውስጥ ያጠኑበትን መጽሐፍ ያሳይ። እስራኤል ያሉ ወገኖች ደግሞ የቤተ እስራኤል ቄሶችን ትምህርት ከቤተ እስራኤሉ መምህር ከታምራት አማኑኤል ታሪክ ጋር ሊያነሱ ይችላሉ። እዚያ የተወለደ ልጅ የራሱን ቤት ሲያይ ነው ስለ ገበታውም የሚጠይቀው።

ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ታሪክ ሲነግሩን ማንን እንመን?

ይህ ሁልጊዜ ይመጣል። አንዱ «የከተማውን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የከፈቱት ቄሱ ናቸው» ይላሉ፣ ሌላው «ሚሲዮን ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ወረቀት ፈልጉ፦ የትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ የምረቃ ድንጋይ፣ በፎቶ ጀርባ የተጻፈ ቀን። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ፊደል የቆጠሩበትን የዛፍ ጥላ፣ ሌላው ቆርቆሮ የለበሰውን ክፍል ነው የሚያወሩት።

ወረቀት ከሌለ ሁለቱንም «እንዲህ ይላሉ» ብላችሁ ጻፉ፤ ፈቅደው ከሆነ ከነስማቸው። ፈራጅ አትሁኑ። የመጨረሻውን ሰሌዳ ከማሳተማችሁ በፊት ደግሞ ጽሑፉን በተራ ወረቀት አትማችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። አጠገቡ እስክሪብቶ በክር እሰሩ፣ ወንበር አስቀምጡ፣ ለአንድ ወር በሩን ክፍት ተዉት። መጥተው ያርሙት።